የተቀደደ ሞንታርቦ

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰፈራችን ሠርግ አለ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። ደጃፉ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ሞንታርቦ ቆሟል። የቀኙ ተቀዷል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቤዙን በነካ ቁጥር ሳጥኑ «ድርርርር» ይላል፤ ቆርቆሮ ላይ ሽምብራ የደፉበት ይመስላል።

የሙሽራው አጎት ተናደዱ። ባለሞንታርቦውን አስጠርተው «አንተ ልጅ፣ ብር ከፍለን እኮ ነው!» አሉት። ልጁ ጠጋ ብሎ አዳመጠ። ሳጥኑን ሁለቴ በጥፊ መታው። «አሁን ሆኗል ጋሼ» አለና ወደ ጠላው ተመለሰ። ምንም አልሆነም። እንዲያውም ባሰበት።

እኔ ግን ከዚያ ሳጥን አልላቀቅ አልኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በአከርካሪዬ ነው የሚገባው። የግራው ደህነኛ ሳጥን ጋ ሄጄም ሞከርኩ። አይነዝርም። ተመልሼ መጣሁ። እናቴ መጥታ እየጎተተች እስክትወስደኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

«አንተ ግን ሮክ ከየት አምጥተህ ወደድክ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ «ከጎረቤት ልጅ ካሴት» ብዬ እገላገላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ከካሴቱ በፊት ያ ሞንታርቦ ነበር።

ዛሬ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን የሚሰማኝን ልዘረግፈው ነው። ባለሙያ አይደለሁም። ጊታር ላይ የማውቀው ሦስት ኮርድ ነው፤ አንዱንም አስተካክዬ አልይዘውም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛው ሲሆን እናገራለሁ።

ያ የሠርጉ ድምፅ የራሱ ታሪክ እንዳለው ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በ1964 ለንደን ውስጥ ዴቭ ዴቪስ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር ነበረችው። ድምፅዋ ለሰለሰበት። ምላጭ አነሳና የስፒከሯን ወረቀት ተለተለው። ከዚያ ከሌላ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ጊታሩን ሰካ። ኪንክስ የሚባለው ባንዱ በዚያ ድምፅ የቀዳው ዘፈን በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። የሙሽራው አጎት እዚያ ስቱዲዮ ቢኖሩ ኖሮ ምን ይሉት ነበር እያልኩ እስቃለሁ።

ከዚህም የሚብስብኝ የቶኒ አዮሚ ነገር ነው። አዮሚ በርሚንግሃም ውስጥ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ዕድሜው 17። ሥራውን ለቆ ከባንድ ጋር ሊሄድ የመጨረሻ ቀኑ ላይ ነው። ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ጫፋቸውን ቆረጠው። አዮሚ ደግሞ ግራኝ ነው፤ ጊታር ሲይዝ አውታሩን የሚጫነው በዚያ በቀኝ እጁ ነው። በቃ፣ አለቀለት።

የፋብሪካው አለቃ ሊጠይቀው መጣና አንድ ሸክላ አመጣለት። የጃንጎ ራይንሃርት ሸክላ ነው። ጃንጎ እጁን እሳት ጎድቶት ሶሎውን በሁለት ጣት የሚጫወት ጊታሪስት ነበር። አዮሚ ያንን ሰማና ተነሣ። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቀለጠ፤ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ቆቡ አውታሩ ላይ እንዳያንሸራትተው ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። እንዳያመው ቀጫጭን አውታር አሰረ። ኋላም ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቃኘው። አውታሩ ሲላላ ድምፁ ወፈረ፣ ጨለመ። ብላክ ሳባዝ የሚባለው ባንዱ እንዲህ ተገኘ። ዛሬ ሄቪ ሜታል የሚባለው የሮክ ዘመድ አዝማድ በሙሉ የዚያች የሳሙና ጠርሙስ ልጅ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ያቺን የጃኬት ቆዳ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

የሳባዝ የመጀመሪያ አልበም በ1970 ነው የወጣው። ሲጀምር ዝናብ ይዘንባል፤ ከሩቅ ደወል ይደወላል። እስቲ ሐምሌ ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ሆናችሁ ስሙት። የትኛው ዝናብ የእነሱ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ ይጠፋችኋል። እኔ አንድ ቀን ለሊት ደወሉን ስሰማ ሰዓቱ ነግቶ ቅዳሴ የገባ መስሎኝ ነበር።

ወደ ካሴቱ ልመለስ። የጎረቤታችን ልጅ ከእኔ በሰባት ዓመት ይበልጣል። ወንድሙ ውጭ አገር ስለነበረ ካሴት ይልክለታል። እኔ ባዶ ካሴት ገዝቼ እየለመንኩ አስቀዳለሁ። የሊድ ዜፕሊንን ያንን ስለ ደረጃ የሚያወራውን ረጅም ዘፈን ታውቁታላችሁ፤ ሮክ የማይሰማ ሰው ራሱ ያውቀዋል። 8 ደቂቃ ነው። ድራሙ እንኳን የሚገባው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። ታዲያ ለእኔ የተቀዳልኝ በአንደኛው ፊት መጨረሻ ላይ ነበር። ጊታሩ ከፍ ከፍ እያለ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ሶሎው ሊጀምር ሲል «ጠቅ»። ቴፑ ቆመ። ካሴቱ አለቀ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዘፈኑ እዚያ ጋ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። አድናቆቴ ደግሞ! «ምን ዓይነት ደፋሮች ናቸው፣ ጫፍ ድረስ ወስደው ጥለውን ሄዱ እኮ» እያልኩ ለክፍል ጓደኞቼ አስረዳ ነበር። ሙሉውን የሰማሁት ሌላ ሰው ቤት ነው። ያ ቦታ ደረሰ፤ እኔ «ጠቅ»ታውን እየጠበቅኩ ነው፤ ዘፈኑ ቀጠለ። ፊቴ ላይ የነበረውን ነገር ሰው ሁሉ አየው። ሶሎው መጥፎ ነው አልልም፤ ማን ሆኜ። ግን እስከ ዛሬ እዚያ ስደርስ ጆሮዬ መጀመሪያ ያቺን ድምፅ ይጠብቃል፤ ስትቀርበት ትንሽ ቅር ይለዋል።

እናቴ በዚያን ጊዜ የእኔን ሙዚቃ የምትጠራው «የታመመው ሰውዬ» ብላ ነበር። ዘፋኙ ማንም ይሁን ማን። «ያንን የታመመ ሰውዬ ዝቅ አድርገው።» አንዳንዴም በሩ ላይ ቆማ ከልቧ ታዝናለች፤ «ምን ሆኖ ነው ግን እንዲህ የሚጮኸው?» አቢይ ጾም ሲገባ ግን ቀልድ የለም። ቴፑ ይወረሳል። 55 ቀን።

አንድ ዓመት፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ መብራት ጠፋ። አልጋዬ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቻለሁ፤ አኩርፌያለሁ። እናቴ ቴፑ ውስጥ አራት ድንጋይ ከተተችና የዓለሙ አጋን በገና ከፈተች። ሻማው ጋ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች።

«ድርርርር።»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። እያንዳንዱ አውታር ታች በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከስሩ አንዲት ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው አውታሩን ሲነካው አውታሩ ከዚያች ቆዳ ጋር እየተላተመ ይነዝራል። ቆዳዋን ብታወጧት ድምፁ ይጠራል፣ ይለሰልሳል። በገና መሆኑ ግን ይቀራል። ስለዚህ ደርዳሪው ሲቃኝ አውታሩን ብቻ አይደለም የሚያስተካክለው፤ ቆዳዋንም ወዲህ ወዲያ እያለ መንዘሩን ያወጣዋል። ይህንን ዝርዝር ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ያን ቀን ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ድምፅ የሠርጉ ድምፅ ነው። አዮሚ ጣቱ ላይ የለጠፈውን ቆዳ ታሪክ ያነበብኩ ቀን ደግሞ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ሮክ ከእኛ ነው የሄደው የሚል ክርክር ውስጥ ግን አልገባም። ሁሉን ነገር ከእኛ ሄደ የሚሉ ሰዎች በቂ አሉን።

ለእናቴ ግን አልቻልኩም፣ ነገርኳት። «እማዬ፣ ይሄ እኮ እኔ የምሰማው ነገር ነው» አልኳት።

«አፍህን ያዝ!» አለችኝ። ምስሩን አስቀምጣ አማተበች።

ወደ ፊልም ልሻገር። በሮክ ላይ የሚሠሩ ፊልሞችን አንድም ሳይቀር አያለሁ፤ አንድም ሳይቀር እጣላቸዋለሁ። ምክንያቱ ያው ነው። ቆዳዋን ያወጧታል። በ2018 የወጣውን የኩዊን ፊልም፣ ቦሄሚያን ራፕሶዲን፣ በፍላሽ አስጭኜ ነው ያየሁት። የኩዊንን ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪን ሆኖ የሠራው ራሚ ማሌክ ኦስካር ወስዶበታል፤ ይገባዋል። ፊልሙ በአጠቃላይ አራት ኦስካር ነው የወሰደው። የፍሬዲን ጥርስ፣ አረማመዱን፣ ማይክ አያያዙን ሁሉ አሳምሮታል። ፊልሙ ግን ካውያ የተመታ ሸሚዝ ነው፤ አንድም የተጨማደደ ቦታ የለበትም።

ፊልሙ ላይ ባንዱ ተኳርፎ ይለያያል። ከዓመታት በኋላ ላይቭ ኤይድ ለሚባለው የእርዳታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት ሲል ይታረቃል። እውነቱ ምንድን ነው? በዚያው በ1985 ጥር ወር ላይ ብራዚል፣ ሮክ ኢን ሪዮ መድረክ ላይ አብረው ነበሩ። ፊልሙ ላይ ፍሬዲ ሜርኩሪ በሽታውን ለጓደኞቹ የሚነግራቸው ከኮንሰርቱ በፊት ነው፤ እናለቅሳለን። እውነቱ ግን መታመሙን ያወቀው ከኮንሰርቱ በኋላ ነው። ይሁን፤ ፊልም ነው፤ አሳምሮ መዋሸት ሥራው ነው። እኔን ያበሳጨችኝ ሌላ ነገር ናት። ስልኳ።

ፊልሙ ላይ የእርዳታው ስልክ ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል። ኩዊን መድረክ ላይ ሲወጡ ሁሉም ስልክ ይንጫጫል። ገንዘቡ ይጎርፋል። ፍሬዲ ዘፈነ፣ ዓለም ኪሱን ከፈተ።

እንግዲህ ያ ገንዘብ የሚሰበሰበው ለማን እንደነበር እናውቃለን። ለእኛ ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ነው። ሰባ ሰባት ስንል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገንም። እኔ የተወለድኩት በዚያ ዓመት ነው። ዌምብሌይ ስታዲየም ወደ 72 ሺህ ሰው ሲያጨበጭብ እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ እኔን ታጠባ ነበር። ኮንሰርቱን አላየችውም። ማን አየው?

ያን ቀን ኩዊን 20 ደቂቃ ያህል ተጫውተው ወረዱ። ቀጥሎ ከወጡት አንዱ ዴቪድ ቦዊ ነበር። ቦዊ ሊዘፍን ካሰባቸው ዘፈኖች አንዱን ትቶ፣ በሰዓቱ የካናዳው ሲቢሲ ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ የቀረጸው ፊልም እንዲታይ አደረገ። ሙዚቃ ከኋላው አለ፤ ፊት ለፊት ያሉት ግን የእኛ ሰዎች ናቸው። አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት። እናቶች። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። አዘጋጆቹ ገንዘቡ ከፍ ያለው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ሲናገሩ ኖረዋል። በሲቢሲ ካሜራ ፊት ሞት አፋፍ ላይ ከታዩት ሕፃናት አንዷ ብርሃን ወልዱ ናት። ተርፋ፣ አድጋ፣ በ2005 ለንደን በተደረገው ላይቭ 8 መድረክ ላይ ቆመች።

አያችሁ? የዓለምን ኪስ ያስከፈተው ፊት ከፊልሙ ወጥቶ ቦታው ላይ የፍሬዲ ጥርስ ገባ። እኔ ፍሬዲን እወደዋለሁ። ያንን 20 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ባለቤቴ ትመስክር። የጣውላ ወለላችን «ሬድዮ ጋ ጋ» ላይ የማጨበጭብበት ቦታ ላይ ተጎድጉዷል ብትል አልክድም። ግን ለፍሬዲም ቢሆን ይህ ውለታ አይደለም። እሱ የዚያን ቀን የሠራው ነገር ጭማሪ አያስፈልገውም ነበር።

በሁለቱ መድረኮች ላይ፣ ለንደንም ፊላደልፊያም፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ አልነበረም። ያኔ ጥላሁን ገሠሠ ነበር፣ ማሕሙድ አሕመድ ነበር፣ አስቴር አወቀ ነበረች። ይህንን ሳስብ እናደዳለሁ። ከዚያ ያ ገንዘብ የገዛው እህል የደረሰላቸውን ሰዎች አስባለሁ፤ ንዴቴ መድረሻ ያጣል። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነኝ። የምወዳቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ለአገሬ ተሰበሰቡ፤ አገሬን ግን መድረክ ላይ አላወጧትም።

ከላይቭ ኤይድ በፊት በ1984 ታኅሣሥ መግቢያ ላይ የወጣችውን የእንግሊዞቹን የእርዳታ ዘፈን አንድ ቀን ለእናቴ ተረጎምኩላት። ርዕሷ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ነው። እናቴ ጀበናውን እየጣደች አሰበች።

«መቼ ነው የዘፈኑት?»

«በእነሱ ገና።»

«ታዲያ በእነሱ ገናማ» አለች፣ «የእኛ ገና፣ ገና ነው።»

ሒሳቧ ልክ ነው። የእነሱ ገና ሲሆን እኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ነን፤ ነቢያት ጾም ውስጥ። ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የያዘ አገር «ያውቃሉ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰማሁም።

ከዚያ ቀን ኮንሰርቶች ውስጥ ለእኔ የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ብነግራችሁ ሮክ ወዳጆች ትስቁብኛላችሁ። ፊላደልፊያ ላይ ሊድ ዜፕሊን ያቀረበው ነው። ድራመራቸው ጆን ቦናም ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ያለ በቂ ልምምድ ነው የወጡት። የሮበርት ፕላንት ድምፅ ሻክሯል። ጊታሩ ቅኝቱን ስቷል። ፊል ኮሊንስ ለንደን ላይ ዘፍኖ፣ በኮንኮርድ አውሮፕላን ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ ድራሙ ላይ ጉድ ጉድ ይላል። ባንዱ በራሱ አፍሮ በ2004 ዲቪዲው ሲወጣ «የእኛን አታስገቡ» አለ፤ በምትኩ ገንዘብ ለመለገስ ቃል ገባ። እኔ ግን ደጋግሜ አየዋለሁ። ያንን የካሴቴን ዘፈን እዚያም ተጫውተውታል። ሶሎው መጣ፤ ተንገዳገደ፤ ሊወድቅ ሲል ቆመ። ደስ አለኝ። ዩቱ የሚባለው ባንድ ልጆች ደግሞ በዚያው ቀን ዌምብሌይ ላይ ታሪክ ሠሩ ይባላል። ሊሆን ይችላል። ለዩቱ ጆሮ አልተፈጠረልኝም፤ አልከራከርም።

የብላክ ሳባዝን ዘፋኝ ኦዚ ኦዝቦርንንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሐምሌ 5 ቀን 2025 በርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም፣ ባደገበት ሰፈር፣ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ተሰናበተ። መቆም አልቻለም። «እማማ፣ ወደ ቤት እየመጣሁ ነው» የምትለዋን ቀስ ያለች ዘፈን ሲዘፍን ድምፁ ተሰበረ። ከ17 ቀን በኋላ ሞተ። ይህንን ነገ ፊልም ያደርጉታል። ዙፋኑን ያምር አድርገው ይሠሩታል። ድምፁን በኮምፒውተር ያቃኑታል። ከአሁኑ ተጣልቻቸዋለሁ።

ለነገሩ የሮክን እውነት የተናገረ ፊልም ካለ ቀልዱ ነው። በ1984 የወጣው ስፓይናል ታፕ የሌለ ባንድ ፈጥሮ ዶክመንተሪ አስመስሎ ይከተለዋል። ጊታሪስቱ አምፕሊፋየሩ እስከ 10 ሳይሆን እስከ 11 እንደሚሄድ ያሳያል። «10ን ራሱ ለምን አታጎሉትም?» ሲባል ትንሽ ያስብና «ይሄ እኮ እስከ 11 ነው የሚሄደው» ይላል። ያንን ባለሞንታርቦ አስታወሰኝ። «አሁን ሆኗል ጋሼ።»

ስለ እኛ ፊልሞች አንድ ቅሬታ ብቻ ላውጣ። ሙዚቃው ዝም አይልም። ሲጣሉ ኪቦርድ፣ ሲታረቁ ኪቦርድ፣ ካፌ ገብተው ማኪያቶ ሲያዙ ኪቦርድ። ኧረ ለአንድ ደቂቃ ሲኒው ሲንኳኳ እንስማ!

ቴሌቪዥን ላይ ብዙ አልቆይም። ተከታታይ ድራማ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ሶፕራኖስን እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ፤ መጨረሻው ለአዲስ አበባ ሰው አይሆንም። ቤተሰቡ ምግብ ቤት ተቀምጧል፣ የጆርኒ ዘፈን ይጫወታል፣ በሩ ይከፈታል፣ ድንገት ጥቁር። ዝም። «መብራት ሄደ» ብዬ ሻማ ልፈልግ ተነሣሁ። ለካ አምፖሉ በርቷል። አሜሪካኖችም መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ነበር አሉ፤ ተጽናናሁ። በ2022 ደግሞ የእህቴ ልጅ ስትሬንጀር ቲንግስን አይታ እየሮጠች መጣች። «አጎቴ፣ ሜታሊካ የሚባል ባንድ ታውቃለህ? አሪፍ ናቸው!» እዚያ ላይ የሰማችው ዘፈናቸው የወጣው በ1986፣ እናቷ በተወለደች ዓመት ነው። ምንም አላልኩም። «አስሰሚኝ እስቲ» አልኳት።

አንድ ነገር ግን በትዕግሥት አይቻለሁ። በ2021 የወጣው፣ ፒተር ጃክሰን የሠራው የቢትልስ ዶክመንተሪ። ወደ 8 ሰዓት ይጠጋል። በ1969 ጥር ወር ባንዱ አዲስ ዘፈን ለመሥራት ስቱዲዮ ሲውል የተቀረጸ ነው። አብዛኛው ምንም ነው። ሻይ ይጠጣሉ። ዳቦ ይበላሉ። ጋዜጣ ያነባሉ። ይሰለቻቻሉ። ጆርጅ ሐሪሰን በመሀል ጥሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት ከባለቤቴ ጋር ከፈትነው። እሷ ቡና እየቆላች ነው። «ሰው ሻይ ሲጠጣ ልናይ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ቆይ» አልኳት። አንድ ሰዓት ገደማ ሆነ። ጆን ሌነን አርፍዷል። ፖል ማካርትኒ ቁጭ ብሎ ቤዙን ይመታል፤ ዝም ብሎ ይመታል። ቃል የለውም፣ «ና ና ና» ይላል። ሪንጎ አፍጥጦ ያየዋል። ጆርጅ ያዛጋል። ፖል ያንኑ ይደጋግማል፣ ይደጋግማል፣ ትንሽ ይቀይረዋል። ድንገት ከዚያ ሁሉ ጉርምርምታ ውስጥ ዓለም የሚያውቀው ዘፈን ብቅ አለ።

ባለቤቴ የቡናውን ጭስ ልታሸተኝ ምጣዱን ይዛ መጥታ እዚያው ቆማ ቀረች።

«አሁን ነው ያወጣው?»

«አሁን።»

«ያኛው እያዛጋ?»

ጭሱ ቤቱን ሞላው። ቡናው ትንሽ አረረ። አቦሉን በምሬቱ ጠጣን፤ እስከ በረካ ድረስ ቴሌቪዥኑን አላጠፋነውም።

እንግዲህ «አንድ የሮክ አልበም ምረጥ» ብትሉኝ የምመርጠው ሮክ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። በ2006 የወጣው «ሞዓ አንበሳ» ነው። ጌታቸው መኩሪያና ዘ ኤክስ የሚባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ አብረው የሠሩት። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን ከአፍ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ የከተተ ሰው ነው። ሳክስፎኑ አይዘፍንም፤ ይፎክራል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይተናነቃል። እነዚያ ፈረንጆች ደግሞ ልስልስ አድርገው አላጀቡትም። ጊታራቸውን እንደ ቆርቆሮ እየደበደቡ ከጎኑ ቆሙ። ሽማግሌው ምንም አልመሰለውም። ልጆቹ ሲጮሁ እሱ ይብስባቸዋል። ጌታቸው በ2016 አረፈ። አልበሙን ዘግይቼ ነው ያገኘሁት፤ መድረክ ላይ ሳላየው ቀረሁ። ይቆጨኛል።

ባለፈው አቢይ ጾም የእናቴ ስልክ ባልዲ ውስጥ ወደቀ። ሩዝ ውስጥ ከተተችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ በራ። ስፒከሩ ግን ተበላሸ። ስንደውልላት ድምፃችን «ድርርርር» ይላል ትላለች። «እህትህ እንደ ንብ ሆና ነው የምታወራኝ።» ሞባይል ጥገና ወሰድኳት። ልጁ ስልኩን ፈታታው፣ በብሩሽ ጠራረገው፣ ገጠመው። «እማማ፣ ይሞክሩት» ብሎ ሰጣት።

እናቴ መነጽሯን አደረገች። ጣቷን ምራቋ ላይ ነካ አድርጋ ዩቲዩብን ከፈተች። የዓለሙ አጋን በገና ነካች። አዳመጠች። ፊቷ በራ።

«እሰይ፣ ተሠርቷል!» አለች። «ስንት ነው ልጄ?»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔም ልጁን አየሁት። ሒሳቡን ከፈልኩ።